የመጠጥና የመዝናኛ ሕጎች መለወጥ እና የመስተንግዶ ድርጅቶች ዝግጅት፦ ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ አንጻር የቀረበ ትንታኔ

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ማርያም አካባቢ ብዙ ዓይነት እንግዳ የሚመላለስበት ስፍራ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን ቤተ ክርስቲያንና በግቢው የሚገኘውን ሙዚየም ለማየት ጎብኚ ይመጣል። ወር በገባ በ21 ምእመናን ለማርያም በዓል ይወጣሉ። ለጸበል የመጡ ሕሙማንም በአካባቢው ይሰነብታሉ። ማለዳ አትሌቶች ይሮጣሉ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ለመዝናናት የሚወጣው የከተማ ነዋሪ ቁጥር ከፍ ብሏል። ከጉለሌ እስከ የካ በተዘረጋው ተራራ ግርጌና መውጫ መንገዶች ያሉ ምግብ ቤቶች፣ ካፌዎች፣ መጠጥ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ይህን ሁሉ ሰው ያስተናግዳሉ።

እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩበት የሕግ ማዕቀፍ ካለፉት ዓመታት ወዲህ በእጅጉ ተለውጧል። ለውጡ ግን በአንድ ሕግ የመጣ አይደለም። የጤና፣ የንግድ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የአሠሪና ሠራተኛ እንዲሁም የከተማ አስተዳደር ሕጎች እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ግዴታ አስቀምጠዋል። ግዴታዎቹ የወጡት ከተለያዩ ተቋማት ቢሆንም የሚፈጸሙት ግን በአንድ ስፍራ፣ ማለትም በድርጅቱ በር፣ በባንኮኒውና በድምፅ ማጉያው ዙሪያ ነው። በመሆኑም ባለድርጅቶች አንዱን ግዴታ ሲያሟሉ ሌላውን እንዳይጥሱ ሕጎቹን አያይዘው መመልከት ይኖርባቸዋል። ተቆጣጣሪ ተቋማትም እንዲሁ አያይዘው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ዋና ዋናዎቹ ለውጦች

ቀዳሚው ለውጥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ የአልኮል መጠጥ የሚሸጥለትን ሰው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ዓመት ከፍ አድርጓል። የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን እንዳይተላለፍ የጣለው ክልከላም ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ከዚህ በተጨማሪ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ክልል ማጨስን ከልክሏል። ሺሻም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው።

ከንግድ ፈቃድ አኳያ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ሥራ ላይ ናቸው። በእነዚህ መሠረት ማንኛውም ነጋዴ ፈቃድ ባገኘበት የሥራ መደብ ብቻ ይሠራል፤ ፈቃዱን በሚታይ ስፍራ ይሰቅላል፤ በየዓመቱም ያሳድሳል። በቡና ቤትነት ፈቃድ ያወጣ ድርጅት ምሽት ላይ መጠጥ መሸጥና የሙዚቃ ዝግጅት ማቅረብ ሲጀምር የሥራውን ጠባይ ስለሚለውጥ፣ ፈቃዱ አዲሱን ሥራ የሚሸፍን መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። ሙዚቃን ለንግድ አገልግሎት ማጫወትም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሚመራ ነው።

ድምፅን በሚመለከት በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማዕቀፍ የተቀመጠው ደረጃ መመዘኛ ነው። በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን፣ በንግድ አካባቢ ደግሞ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል ነው። በደረጃው መሠረት የቀኑ ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሌሊት ይቆጠራል።

የቅርቡ ለውጥ የሥራ ሰዓትን ይመለከታል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚገኙ የንግድ ተቋማት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አገልግሎት እንዲሰጡ ተደንግጓል። ዓላማው የከተማዋን የምሽት ኢኮኖሚ ማነቃቃት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የምሽት ጭፈራ ቤቶች ተዘግተው እንደነበር ሲታወስ፣ ዘርፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመዘጋት ወደ ግዴታ ምሽት መሥራት መሸጋገሩን መረዳት ይቻላል።

ግዴታዎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች

ከላይ የተዘረዘሩት ሕጎች አንድ በአንድ ሲነበቡ ግልጽ ናቸው። አስቸጋሪው ሲገናኙ ነው። የመጀመሪያው መገናኛ ሰዓት ነው። በዋና መንገድ ዳር ያለ ድርጅት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ክፍት እንዲሆን ይጠበቃል፤ የሌሊቱ የድምፅ ገደብ ግን 3 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሁለቱ ደንቦች አይቃረኑም፤ የመጀመሪያው በር እንዲከፈት እንጂ ሙዚቃ እንዲጮኽ አያዝም። ሆኖም ክፍት መሆንን ሙዚቃን እንዳለ ከመቀጠል ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ባለድርጅት በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመኖሪያ አካባቢ ከ55 ወደ 45 ዴሲቤል መውረድ ለጆሮ በጉልህ የሚሰማ ቅነሳ ስለሆነ፣ 3 ሰዓት ከመድረሱ በፊት ድምፁን መቀነስ በሥራ መርሐ ግብር ውስጥ መግባት አለበት። በተለይ እንደ እንጦጦ ባለ ተዳፋት መሬት ከፍ ካለ ስፍራ የሚለቀቅ ድምፅ በሌሊቱ ጸጥታ ወደ ታች መንደሮች ርቆ ይሰማል።

ሁለተኛው መገናኛ ማጨስ ነው። ሕጉ አጫሹን ከቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከደጃፍም 10 ሜትር ያርቀዋል። የእንጦጦ ምሽት ቀዝቃዛ በመሆኑ ደንበኛው ከበሩ መራቅ አይፈልግም፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማጨስም ክልክል ነው። በሌላ በኩል ርቀው የሚቆሙ አጫሾች በጎረቤት አጥር ሥር ተሰብስበው ሲያወሩ የጤናው ሕግ ተከብሮ የጎረቤት ሰላም ይታወካል። ስለዚህ ለአጫሾች የሚለየው ቦታ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር የራቀ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ፊቱን ያዞረና የተቻለውን ያህል ከነፋስ የተከለለ ቢሆን ሁለቱንም ግዴታ ያሟላል። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ይህን ማድረግ የማይችል ድርጅት በግቢው ማጨስ ፈጽሞ የማይቻል መሆኑን በግልጽ ማስታወቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የዕድሜ ጉዳይ ነው። የ19 ዓመት ወጣት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሙሉ ሠራተኛ ነው፤ በአስተናጋጅነት ተቀጥሮ ሊሠራ ይችላል፤ መጠጥ ሊሸጥለት ግን አይችልም። ይህ ወጣት ምናልባት ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡ የሚመስሉ ደንበኞችን መታወቂያ እንዲያሳዩ መጠየቅ ይጠበቅበታል። በኢትዮጵያ ባህል እንግዳን፣ ይልቁንም በቡድን የመጣና ሰፊ ትዕዛዝ የሰጠ እንግዳን፣ ዕድሜውን መጠየቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል። አስተናጋጁ ጠይቆ ደንበኛው ተቆጥቶ ቢወጣ ገቢው ይቀንሳል፤ ሳይጠይቅ ቢሸጥ ድርጅቱ በሕግ ይጠየቃል። ይህ ውሳኔ ለአስተናጋጁ ብቻ የተተወበት ቤት ሕጉን በዘላቂነት ሊያከብር አይችልም።

የዕድሜ ማረጋገጥ አሠራር

መፍትሔው ጥያቄውን የድርጅቱ ደንብ ማድረግ ነው። በመግቢያውና በባንኮኒው ላይ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንደማይሸጥና መታወቂያ ሊጠየቅ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ ሲሰቀል፣ አስተናጋጁ የሚጠይቀው በራሱ ስም ሳይሆን በቤቱ ስም ይሆናል። በዚህ ረገድ የስኮትላንድ ልምድ ጠቃሚ ነው። በዚያ ሀገር መጠጥ የሚሸጥለት ሰው ዕድሜ 18 ቢሆንም፣ ሻጩ ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ደንበኛ ሁሉ መታወቂያ እንዲጠይቅ የፈቃድ ሕጉ ያስገድዳል። መጠጥ የሚቀዳ ሠራተኛም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ የ2 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ሻጩ ዕድሜን በዓይን ገምቶ ከሚፈጽመው ስሕተት የሚያድን ሰፊ ርቀት መስጠቱ ነው። የኢትዮጵያ ገደብ 21 በመሆኑ ከ25 ወይም ከ30 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ መጠየቅ አንድ ድርጅት በራሱ ውሳኔ ሊጀምረው የሚችለው አሠራር ነው።

የመታወቂያ ጉዳይም ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ እየተስፋፋ ስለመጣ፣ ደንበኛው በየትኛውም አካባቢ ቢኖር አንድ ዓይነት መለያ ሊያሳይ ይችላል። ሆኖም መታወቂያን ማየትና መረጃውን መሰብሰብ የተለያዩ ተግባራት ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ስለሆነ፣ አስተናጋጁ የልደት ቀኑን አይቶ መመለስ እንጂ የመታወቂያውን ፎቶ ማንሳት ወይም ቁጥሩን መመዝገብ አያስፈልገውም።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ በ1999 ዓ.ም. መወለዱን የሚያሳይ መታወቂያ ቢያቀርብ ዕድሜው 19 ዓመት ገደማ ስለሚሆን መጠጥ አይሸጥለትም። አስተናጋጁ ግን በስልኩ ላይ ያለውን 2025 ይዞ ቢያሰላ 26 ዓመት ያገኝና ይሸጥለታል። በተቃራኒው በ2003 እ.ኤ.አ. የተወለደ የውጭ ጎብኚ 22 ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ ከ2018 ላይ ቢቀነስ ግን 15 ስለሚመጣ ያለ አግባብ ሊከለከል ይችላል። እንጦጦን የመሰለ የውጭ እንግዳ የሚበዛበት አካባቢ ሁለቱም ስሕተቶች ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ቀላሉ መፍትሔ በየቀኑ ሥራ ሲጀመር የዕለቱን ወሰን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. መጠጥ ሊሸጥለት የሚችለው ታኅሣሥ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ወይም ዲሴምበር 10 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ነው። ይህን ያነበበ ሠራተኛ ማስላት ሳያስፈልገው ቀኖቹን ብቻ ያመሳክራል።

የሠራተኞች መብትና የምሽት ሥራ

የምሽት አገልግሎት ሲራዘም የሠራተኛው ሰዓትም ይራዘማል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲሠራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሠራ ደግሞ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓቱ መጠንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ማለዳ ቁርስ ያቀረበችን አስተናጋጅ እስከ ምሽት ከማቆየት ይልቅ በፈረቃ መሥራት ለድርጅቱ በወጪም በሕግም የተሻለ አማራጭ ይሆናል። ከሥራ በኋላ ሠራተኞች ተራራውን ወርደው በሰላም ቤታቸው የሚደርሱበት የትራንስፖርት ዝግጅትም የምሽት ሥራው አካል ተደርጎ ሊታሰብ ይገባል።

በቤት ውስጥ የሚጠመቁ መጠጦች

የመስተንግዶ ዘርፉ ፈቃድ ባላቸው ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው ወይም አረቄ አውጥተው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች የዘርፉ አካል ናቸው። የፋብሪካ መጠጥ ዋጋ በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ምክንያት ሲጨምር፣ አቅሙ ያልፈቀደ ጠጪ ወደ ቤት መጠጥ ሊያዘነብል እንደሚችል ይገመታል። የዕድሜ ገደቡ ግን በመጠጡ ዓይነት ወይም በቤቱ ስፋት አይለይም፤ ለጠላ ቤትም እንደ ሆቴሉ ይሠራል። ሆቴል ውስጥ ተከልክሎ በሚቀጥለው መንደር ያለ ጥያቄ የሚቀዳለት ወጣት ካለ የሕጉ ዓላማ አልተሳካም፤ ሕጉን ያከበረው ድርጅትም ደንበኛ አጥቶ ይጎዳል።

እነዚህን እናቶች በቅጣት ብቻ ለመድረስ መሞከር ሥራቸውን ይበልጥ ወደ ጓዳ ይደብቀዋል። በወረዳ፣ በዕድርና በሴቶች ማኅበራት በኩል በቃል የሚሰጥ ማስረዳት፣ አነስተኛና ጥቃቅን ሥራ ወደ ሕጋዊ ምዝገባ የሚገባበትን መንገድ ማሳየት የተሻለ ውጤት ይኖረዋል። ሺሮ ሜዳንና ፈረንሳይ ለጋሲዮንን በመሳሰሉ ከተራራው ግርጌ ባሉ ሰፈሮች እንዲህ ያለው ማስረዳት በጽሑፍ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

ከተቆጣጣሪዎች የሚጠበቀው

የባለድርጅቶች ዝግጅት ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ምግብ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ከጤና፣ ከንግድ፣ ከአካባቢ ጥበቃና ከደንብ ማስከበር መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች ሊጎበኙት ይችላሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሕግ ብቻ ሲያስረዳ፣ ግዴታዎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ማንም ሳያስረዳቸው ይቀራሉ። ሁሉንም ግዴታዎች በአንድ ገጽ ያጠቃለለ የጋራ መመዘኛ ቢዘጋጅና ፈቃድ ሲወጣ ወይም ከሐምሌ 1 ጀምሮ እድሳት ሲደረግ ለባለፈቃዱ ቢሰጥ፣ መረጃው ከቅጣቱ ቀድሞ ይደርሳል። ድምፅ በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ለባለቤቱ በጽሑፍ ቢሰጠው ደግሞ በጆሮ ግምት ላይ የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል።

የሩዋንዳ አካሄድ ለዚህ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ ነው። የዚያች ሀገር መንግሥት በኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. የምሽት አገልግሎቶች በሥራ ቀናት ሌሊት 7 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲዘጉ ሲወስን፣ ውሳኔው ከሴፕቴምበር 1 ቀን ጀምሮ እንዲጸና አድርጓል። በመሃል የተሰጠው የአንድ ወር ያህል ጊዜ ድርጅቶች የሠራተኛ ፈረቃቸውንና የዝግጅት መርሐ ግብራቸውን እንዲያስተካክሉ ዕድል ሰጥቷል። በኢትዮጵያም የብሮድካስት ማስታወቂያ ክልከላው አዋጁ ከታወጀ ከወራት በኋላ እንዲጸና መደረጉ ተመሳሳይ ጥቅም ነበረው። ለወደፊት የሚወጡ መመሪያዎችም ይህን የመዘጋጃ ጊዜ ቢያካትቱ አፈጻጸማቸው ይቀላል።

በአጭሩ ሲታይ

አንድ የመስተንግዶ ድርጅት ዛሬ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ሥራዎች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፦

• የንግድ ፈቃዱ ምሽት ላይ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚሸፍን መሆኑን ማረጋገጥና በሚታይ ስፍራ መስቀል፤
• የ21 ዓመት ገደቡን በጽሑፍ መለጠፍ፣ የዕለቱን የልደት ቀን ወሰን በሁለቱም አቆጣጠር ማስቀመጥ፤
• መታወቂያ በመጠየቁ ደንበኛ ያጣ ሠራተኛ እንደማይወቀስ በግልጽ ማሳወቅ፤
• ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ድምፅ የሚቀንሰውን ሰው በስም መመደብ፤
• የማጨሻ ቦታን ከበር፣ ከመስኮትና ከጎረቤት አርቆ መለየት፤
• የሠራተኞችን ፈረቃና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በመዝገብ መያዝ።

የእንጦጦ አካባቢ የመስተንግዶ ሥራ የሚኖረው እንግዳው ስለሚመለስ ነው። ለጸበል የወጣው ምእመን፣ ከቤተሰቡ ጋር ሊዝናና የመጣው የከተማ ነዋሪና በአካባቢው የሚኖረው ጎረቤት እርስ በርስ ሳይረባበሹ የሚቆዩበት ሥርዓት ሲኖር ድርጅቱም ይጠቀማል። ያ ሥርዓት በአብዛኛው በሕግ ተደንግጓል። የቀረው ግዴታዎቹ ባንኮኒው ጀርባ ለቆመው ሠራተኛ በሚገባው መልክ መድረሳቸውና ሠራተኛው ሲፈጽማቸው አሠሪውም ተቆጣጣሪውም ከጎኑ መቆማቸው ነው።